የመብላት ቀኖና

«አስናቀው፣ ቀስ በል እንጂ፤ ጾመኛ ነው'ኮ የጫንኸው» አሉኝ እትዬ ፈንታነሽ ከኋላ ወንበር፣ ገና ከቢቸና ወጥተን ሁለተኛውን መታጠፊያ ሳንጨርስ።

በመስታወት አየኋቸው። አሥር የእድር ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ ሞጣ ለቅሶ ሊደርሱ ሚኒባሴን ኮንትራት ይዘዋል። ጌሾ ነጋዴዋ እትዬ ፈንታነሽ የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው፤ ከመኪና ውስጥም ሊቀመንበር ናቸው። ጾመኛ ያሉት ከጎኔ ጋቢና የተቀመጠችውን የእህቴን ልጅ እፀገነትን ነው። እሷ የበሩን እጀታ በሁለት እጇ ይዛ መንገዱን ታያለች።

ዘመኑን ላልደረሰበት ሰው ልንገር። ስልክ ሲያሰኘው የሚሠራበት፣ ሲያሰኘው ለወር የሚጠፋበት ዓመት ነበር። ከቢቸና ሞጣ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ወይ?» ብሎ ነው። ጠዋት ክፍት የነበረው ከሰዓት ይዘጋል። እኔ በዚህ መንገድ ሃያ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ፤ ዓይኔን ብጨፍን ጉድጓዱ የት እንዳለ አውቃለሁ። ያን ዓመት ግን በየኩርባው ማን እንደሚያስቆመኝ አላውቅም ነበር።

እፀገነት የሒሳብ መምህር ናት። እናቷ፣ እህቴ፣ ካረፈች ጀምሮ እኔ ቤት ናት። በጥቅምት መጀመሪያ ከተማው ውስጥ ተኩስ ሲነሳ ክፍል ውስጥ ነበረች፤ ሠላሳ አንድ ተማሪ ይዛ። በሩን ቆለፈች፣ ልጆቹን ዴስክ ሥር አስተኛች፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ቀኑን ሙሉ አብራቸው መሬት ላይ ዋለች። አንዷ ልጅ ስታለቅስ አፏን በእጇ ይዛ የማባዣ ሰንጠረዥ በጆሮዋ ታንሾካሹክላት ነበር አሉ። ተኩሱ ሲበርድ ሁለት ሁለት እያደረገች በየደጃቸው አደረሰቻቸው። ሠላሳ አንዱንም። አንድ ጫማ ብቻ ነው የጠፋው።

ያን ዕለት ማታ ራቷን በላች። ፍርሃቱ የመጣባት በሳምንቱ ነው። በር ሲዘጋ ትደነግጣለች፣ ልቧ ይመታል፣ እህል ሲቀርብላት ሁለት ጉርሻ ትልና እጇን ትታጠባለች። ታዲያ በዚያ ሰሞን የጽጌ ጾም ገብቶ ነበር። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ የሚጾመው ጥቂት ሰው ነው። መምህራኑ ምሳ ሲጠሯት «ጾም ላይ ነኝ» አለች። አንዴ አለችው፣ አመኗት፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ብይ አላላትም። ጽጌ አልቆ ጥቂት ቀን እንደቆየ ደግሞ ጾመ ነቢያት ገባ።

እኛ አገር ሰው እንዲሁ ሲከሳ «ምን አገኘው?» ይባላል። በጾም ሲከሳ ይከበራል። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ቦታ ይለቁላት ጀመር። ባልቴቶች «በጸሎትሽ አስቢን» እያሉ ትከሻዋን ይስሟታል። እኔም፣ አሁን ሳስበው አፍራለሁ፣ መናኸሪያ ውስጥ ለሾፌሮች «የእህቴ ልጅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ በአፏ አይዞርም» እያልሁ ጉራዬን እነዛ ነበር። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ሲንሸራተት እያየሁ'ኮ ነው። ሰው የገዛ ቤቱን ማየት እንዴት እንደሚያቅተው እኔ ምስክር ነኝ።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ሰሌዳ ላይ እየጻፈች ወደቀች። ሲስተር ስንዱ የምትባል የሰፈራችን ነርስ ዘንድ አደረስኋት። ሚዛን ላይ አወጣቻት፤ ሠላሳ ስምንት ኪሎ። የኔ ሁለት ጎማ ከነቸርኬው ቢመዘን ከዚያ ብዙ አይርቅም።

«ጋሼ አስናቀው፣ ይሄ ጾም አይደለም» አለችኝ ሲስተር ስንዱ። «ጭንቀት ነው። ሐሳቡ ነው ሆዷን የዘጋው። በቀን አምስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ትብላ፤ እንቁላል፣ ወተት፣ የወረደላትን። በየሳምንቱ ደግሞ እየመጣች እናወራለን። መድኃኒት ካስፈለጋት ሐኪም ዘንድ እልካታለሁ።»

እፀገነት ካልጋው ላይ ሆና «በጾም እንቁላል አልበላም» አለች። «የንስሐ አባቴ ሳይፈቅዱልኝ አልበላም።»

የንስሐ አባቷ ቄስ ገብረ ሕይወት ሞጣ ከተዛወሩ ሦስት ዓመታቸው ነው። ስልክ የለም። መንገዱም እንደነገርኋችሁ ነው። አውቃ ነው ያለችው፤ ገና እስኪደርስ ማንም እንዳይነካት። ሲስተር ስንዱ ግን በር ድረስ ተከትላኝ ወጥታ «እስከ ገና እንዲህ ከቆየች ልቧ ራሱ ይደክማል፤ ዛሬ ነገ አይበሉ» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን የእድሩ ሴቶች ኮንትራት ሲጠይቁኝ እፀገነትን እጇን ይዤ ጋቢና አስገባኋት። ልትከራከረኝ አቅም አልነበራትም።

ደብረ ወርቅን አልፈን ብዙም ሳንርቅ ኬላ አስቆመን። ሁላችሁም ውረዱ፣ መታወቂያ አውጡ ተባልን። ፈታሹ ገና ጢሙ ያልጠነከረ ልጅ ነው፤ ክፉ አልነበረም፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ የሰለቸው ነው። የሴቶቹን መታወቂያ ገረፍ ገረፍ አድርጎ አልፎ እፀገነት ጋ ሲደርስ ቆመ። ፎቶውን አየ። ፊቷን አየ። እንደገና ፎቶውን አየ።

«የማን መታወቂያ ነው ይሄ?»

«የእኔ ነው» አለች።

«አንችን አይመስልም።»

ፎቶውን የተነሳችው መምህርነት የተቀጠረች ዓመት ነው። ጉንጯ ሙሉ፣ አንገቷ ላይ ንቅሳት የመሰለ መስመር ያላት፣ ሳቋን አፍና የተነሳች ልጅ። አጠገቡ የቆመችው ደግሞ ዓይንና አጥንት ናት። ትንፋሽ አጥሯት የመኪናውን በር ያዘች። ልጁ ይህን ሲያይ ጭራሽ ጠረጠረ። ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

«የእህቴ ልጅ ናት» አልሁት ጣልቃ ገብቼ።

«አጎቷ ከሆንህ ምን ሆና ነው እንዲህ የሆነችው?»

ሃያ ሁለት ዓመት ለትራፊክ ፖሊስ መልስ ያላጣሁ ሰውዬ መንጃ ፈቃዴን አውጥቼ ዘረጋሁለት።

«ጾመኛ ናት፣ ልጄ» አሉ እትዬ ፈንታነሽ ከፊቱ ገጭ ብለው። «ከጽጌ ጀምራ እህል በወጉ አልቀመሰችም። የቢቸና ሰው ሁሉ ያውቃታል። ብትጠረጥራት ጠንቁ ለአንተው ነው።» የቀሩት ሴቶችም አዎ፣ አዎ እያሉ ከበቡት። ልጁ ፊቱ ተለወጠ። መታወቂያውን በሁለት እጁ መለሰላት፣ ጎንበስ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህቴ፣ በጸሎትሽ አስቢኝ» አላት።

መኪና ውስጥ ገብተን ብዙ እስክንነዳ መታወቂያዋን ከእጇ አላስቀመጠችም። ሴቶቹ ከኋላ የሟቿን ነገር ያወራሉ። እሷ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ጀመረች።

«ጋሼ፣ ያ ልጅ በጸሎትሽ አስቢኝ አለኝ'ኮ።»

«ሰማሁ።»

«ከጽጌ ጀምሮ አንድ ቀን በወጉ አልጸለይሁም። መጽሐፉን ስከፍት ልቤ ይመታል፣ እዘጋዋለሁ። ጾሜም አላውቅም። እህሉ አልወርድ ብሎኝ ነው።» ፎቶውን በአውራ ጣቷ ሸፈነችው። «ይችን ልጅ እኔም ባገኛት አላውቃትም።»

ለካ ሳወድስላት የከረምሁት በሽታዋን ነው። እፍረቱ አንገቴ ድረስ ሞላብኝና ፈለገ ብርሃን መግቢያ ላይ አንዱን ጉድጓድ፣ ሁልጊዜ የምሸሸውን፣ ዘው ብዬ ገባሁበት። ሴቶቹ ጣራ ነክተው ተመለሱ። እትዬ ፈንታነሽ የሰደቡኝን እዚህ አልጽፈውም።

ሞጣ ስንደርስ ሴቶቹን ለቅሶው ቤት አውርጄ እፀገነትን ቄስ ገብረ ሕይወት ግቢ ወሰድኋት። ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው በክር የታሰረ መነጽራቸውን ሌላ ክር ሲጨምሩበት አገኘናቸው። ቀና አሉ። ጊዜ ወሰደባቸው፤ ከዚያ በክርስትና ስሟ ጠሯት።

«ወለተ ሐና? አንች ነሽ?»

መስቀላቸውን ተሳለመች። እሳቸው ሌላ ነገር ሳይጠይቁ ወደ ግቢው ዳር፣ ወይራው ጥላ ሥር ወሰዷት። እኔ አጥሩ ጋ ቆምሁ። የምትለው አይሰማኝም፤ ትከሻዋ ሲነቃነቅ ግን አያለሁ። ቆይታ መሬት ላይ ተቀመጠች። እሳቸውም በዚያ ዕድሜያቸው አብረዋት መሬት ላይ ተቀመጡ። ለአንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። በመጨረሻ እጃቸውን አንስተው ጠሩኝ።

«አስናቀው፣ ና። ኑዛዜዋ የእሷና የእኔ ነው። የማዝዛትን ግን አንተም ስማ፤ ቤት ያለኸው አንተ ነህ።»

«እሺ አባ።»

«ከጾሙ ፍቱኝ ብላ ነው የመጣች። አልፈታትም። የምፈታው ጾም የላትም። ጾም የሚባለው እየራበው የሚተው ሰው ሲጾም ነው፤ ይች ልጅ እኮ ረኃቡ ራሱ ጠፍቶባታል።»

እፀገነት ቀና ብላ አየቻቸው። ቆንጠጥ እንዳደረጓት ያስታውቃል። ኩራተኛ ናት፤ እናቷም እንዲሁ ነበረች።

«ስላልጾመችው ጾም ስትመሰገን ዝም በማለቷ ግን ቀኖና ሰጥቻታለሁ» አሉ።

ቀኖና ሲባል እኔ የማውቀው ስግደት ነው፤ መቶ፣ ሁለት መቶ። ደነገጥሁ። «አባ፣ ስግደት አትችልም። ሰሌዳ ፊት ቆማ እንኳ ወድቃለች።»

«ስግደት ማን አለ?» አሉ ቆጣ ብለው። «ቀኖናዋ መብላት ነው። እስከ ገና በቀን አምስት ጊዜ፣ ነርሷ ያዘዘቻትን፤ እንቁላሉንም ወተቱንም። ሲያቅለሸልሻት ታርፍና ትደግመዋለች። ነርሷ ጋ መመላለሱንም አታቋርጥም፤ እሱም ቀኖና ነው። ያጓደለችውን መዝግባ ይዛልኝ ትመጣለች።»

በሕይወቴ ብዙ ቀኖና ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ አልሰማሁም።

እፀገነት «አባ፣ ሰው ምን ይላል?» አለች። «በነቢያት ጾም እንቁላል ስትበላ ያየኝ ሰው።»

«እሱን አላውቅም። ጓዳ ገብተሽ ብትበይም ቀኖናሽ ይፈጸማል፤ በአደባባይ ብትበይም ይፈጸማል። እሱን ለአንች ትቼዋለሁ።» መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አሳረፉ። «መፍራትሽን ግን እንደ ኃጢአት አትቁጠሪው። ያን ቀን ለመፍራት ጊዜ አልነበረሽም፤ ሠላሳ አንድ ልጅ ይዘሽ ነበር። አሁን ፍርሃቱ ተራው ደርሶት ነው። ይመጣል፣ ይሄዳል። አንች ብቻ እየበላሽ ጠብቂው።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። እኔም ዘወር ብዬ የመኪናዬን ጎማ የማይ መሰልሁ።

ከሰዓት ሰባት ተኩል ላይ ሴቶቹ ከለቅሶው ተመልሰው መናኸሪያው አጠገብ ካለች ትንሽ ምግብ ቤት ሻይ ለመጠጣት ገቡ። መንገዱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋል ተብሏል፤ ከዚያ በኋላ መኪና አይወጣም። እፀገነትን ወደ ጎን ወሰድ አድርጌ መከርኋት።

«አሁን ቤት እንገባለን። ጓዳ ገብተሽ ትበያለሽ፤ በሩን እኔ እይዛለሁ፤ ማንም አያይሽም።»

«አምስት ጊዜ ነው የተባልሁት» አለች። «ቀኑ ተጋመሰ፤ አንዴም አልበላሁም።» ጥላኝ ገባች።

ሴቶቹ ሲያዩዋት የዳር ወንበር ለቀቁላት፤ ለጾመኛ የሚገባ ቦታ። ባለቤቲቱ እጇን በመቀነቷ እየጠራረገች መጣች።

«ምን ላምጣልሽ፣ የኔ እመቤት?»

«ሁለት እንቁላል ቅቅል። ካገኘሽልኝ አንድ ብርጭቆ ወተት።»

አንዷ ሴትዮ ስኒዋን አፏ ላይ እንደያዘች ቀረች።

«ጾም ነው'ኮ» አለች ባለቤቲቱ።

«አውቃለሁ።»

«ድስቶቼን ሁሉ አጥቤ ለጾም ነው ያዘጋጀኋቸው። በምን ልቀቅልልሽ?»

«ባዶ ቆርቆሮ አይጠፋሽም። በእሱ ቀቅይልኝና ጣይው።»

ባለቤቲቱ እኔን አየችኝ። እኔ ራሴን ነቀነቅሁ። እየተጠራጠረች ሄደች፤ ከጓሮ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ስታጥብ ሰማናት። ወተቱን ከጎረቤት፣ ሕፃን ካለበት ቤት አስመጣች።

እትዬ ፈንታነሽ ሊያለቅሱ ደርሰዋል። «እፀገነት ልጄ፣ ምን ነካሽ? ይህን ሁሉ ጊዜ ችለሽ፣ ገና ደጅ ላይ ደርሶ? ለማን ብለሽ ነው የምታፈርሽው?»

ተነሳች። ጠረጴዛውን ይዛ ነው የተነሳችው፤ ድምፅዋ ግን የክፍል ውስጥ ድምፅዋ ነበር።

«እትዬ ፈንታነሽ፣ እኔ ጾመኛ አይደለሁም። ታምሜ ነው። ተኩሱ ከነበረበት ሳምንት ወዲህ ጭንቀት ይዞኝ እህል አልወርድ ብሎኝ ነው። ጾም ላይ ነኝ ያልሁት አፍሬ ነው፤ እናንተ ስታከብሩኝ ደግሞ ደስ አለኝና ዝም አልሁ። ኬላው ላይ የመሰከራችሁልኝም ሐሰት ሆኗል፤ በእኔ ነው፣ ይቅር በሉኝ። ዛሬ አባ ቀኖና ሰጡኝ። ብይ ነው ያሉኝ።»

ተቀመጠች። እንቁላሉ መጣ። ስትልጥ ቅርፊቱ ትንሽ ትንሽ እየሆነ ይረግፋል። ቆረሰችና አፏ ውስጥ ከተተችው። አኘከች፤ አኘከች፤ አይወርድም። ዓይኗ እንባ ሞላ። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልታስመልስ ነው ብዬ ብድግ አልሁ። በሌላው እጇ ተቀመጥ አለችኝ። ከዚያ ወረደ። አረፍ አለች። ሌላ ቁራሽ ቆረሰች።

ይህን ያዩ ሰዎች በር ላይ ይሰበሰቡ ጀመር። የሞጣ መናኸሪያ ሥራ ፈት አያጣም። «በጾም እንቁላል ትበላለች» የሚል ሹክሹክታ መጣ። እትዬ ፈንታነሽ ተነሡ። ጥለው ሊወጡ ነው ብዬ አሰብሁ። እሳቸው ግን ከበሩ ፊት ለፊት ቆሙ፣ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው በሁለት እጃቸው እንደ መጋረጃ ዘረጉት። ሰው ሲበላ ዓይን እንዳያገኘው እንደምንከልለው ከለሏት።

«እትዬ፣ ዝቅ ያድርጉት» አለች እፀገነት።

«ሰው እያየሽ ነው፣ ልጄ።»

«ይየኝ። ክፍሌ ውስጥ እህል የማይወርድላቸው ሦስት ልጆች አሉ። ያን ቀን ዴስክ ሥር የነበሩ ናቸው። ምነው ስላቸው ጾም ነው ይሉኛል። ከእኔ ነው የተማሩት።» ትንፋሽ ወሰደች። «ይየኝና ቢቸና ሄዶ ያውራ። ቲቸር እፀገነት ታማ ነበር፣ ስትበላ አየናት ይበል። ልጆቹ ይስሙ።»

እኔ ብዙ ጀግና አይቻለሁ፤ ብዙውም በወሬ ነው። እንዲህ ያለችውን ግን በዓይኔ ነው ያየሁት፤ ደግሞም የእህቴ ልጅ ናት። የሐሰቱን ጉራ ስነዛ እንኳ አንገቴ እንዲህ ቀና አላለም ነበር፤ ያን ቀን ግን ደረቴ ሸሚዜን ሊቀደው ደረሰ።

እትዬ ፈንታነሽ ነጠላቸውን ቀስ ብለው አወረዱት። አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አኖሩትና ከአጠገቧ ተቀመጡ። ወተቱን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። ሌሎቹም ሴቶች አንድ በአንድ ወንበራቸውን እያስጠጉ መጡ። ስለ ጾም ያነሳ የለም። አንዷ ስለ ሙሽራ ልጇ ማውራት ጀመረች፤ ሌላዋ ሳቀች። እፀገነት በመሀላቸው ሆና ትቆርሳለች፣ ታኝካለች፣ ታርፋለች። አንዱ እንቁላል ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

ስምንት ተኩል ሲሆን የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ በሩ ላይ ብቅ አለ። «የቢቸና ሾፌር የታለ? መንገዱ ሊዘጋ ነው፤ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ። ምን ትጠብቃለህ?»

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አርፍጄ አላውቅም። ሳህኑን አየሁ። ሁለተኛው እንቁላል ገና አልተላጠም። አንድ ነገር ልል አፌን ሳሟሽ እትዬ ፈንታነሽ ቀደሙኝ። ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ የእድር ስብሰባ በሚመሩበት ድምፅ መለሱለት።

«ልጃችን ምሳ እየበላች ነው» አሉት። «ጠብቅ።»

ሰውዬው እኔን አየ። እኔ የመኪናውን ቁልፍ ኪሴ ከተትሁ። እፀገነት ሁለተኛውን እንቁላል አነሳች።